ለብሩ ማን ይመስክር? የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የብር ሳንቲሞች መልክ

በብር ሳንቲም ላይ የሚታተም መልክ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ማዕድኑ በክብደቱ ሙሉ፣ በጥራቱም የታመነ ስለመሆኑ የሚመሰክር ማኅተም ነው። ጎንደር ያደግን ሰዎች ይህን የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ካለበት የብር ገንዘብ፣ ከማርትሬዛ ጠገራ፣ ተምረነዋል፤ የቀድሞ ነጋዴዎች ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው፣ ጠርዙን ዳብሰው፣ ድምፁን አዳምጠው እንደነበር ከትልልቆቻችን ያልሰማ የለም። ስለ መጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የብር ሳንቲሞች ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ጥያቄም ከዚሁ የመነጨ ነው። ከንጉሥ አገዛዝ ተላቅቆ የቆመ አገር፣ የንጉሥ ፊት ማተም በማይፈልግበት ጊዜ፣ ለብሩ ማንን ምስክር አድርጎ ያቆማል? የእነዚያ ሳንቲሞች የመልክ ለውጥ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ተለዋዋጭ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ጥያቄው ከአሜሪካ መንግሥት መመሥረት በፊት የነበረ ነው። በ1652 ማሳቹሴትስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ጆን ሃል እና ሮበርት ሳንደርሰን የተባሉ አንጥረኞች ቦስተን ውስጥ የብር ሽልንግ እንዲያትሙ ተፈቀደላቸው። የመጀመሪያው ሥራቸው በአንድ በኩል የአካባቢውን ስም የሚወክሉ ሁለት ፊደላት፣ በሌላው በኩል ዋጋውን የሚያመለክት ቁጥር ብቻ የታተመበት ባዶ ክብ ብር ነበር። ባዶው ጠርዝ ለሌባ ተመቸ፤ ከዳር ዳሩ ጥቂት ጥቂት ብር ቆርጦ ማስቀረት ቀላል ሆነ። ስለዚህ በመካከል የዛፍ ሥዕል፣ ዙሪያውን ደግሞ የነጠብጣብ ክብና ጽሑፍ እንዲታተም ታዘዘ። አኻያ፣ ኦክና ጥድ በየተራ የታተሙት እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። ዛፉ የተመረጠበትን ምክንያት ሰዎች በተለያየ መንገድ ይተረጉሙታል፤ ጽሑፉ እስከ ዳር እንዲደርስ የተደረገው ግን ብሩን ከመቀስ ለመጠበቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ሳንቲሞቹ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲታተሙ፣ ከጥቂት በቀር፣ 1652 የሚለውን ዓመት ይዘው ቀጠሉ። ማርትሬዛም ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ ያንኑ ዓመት እንደያዘች መቅረቷን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ያም ሆኖ በአሜሪካ ገበያ የነገሠው የማሳቹሴትስ ሽልንግ ሳይሆን በሜክሲኮና በሌሎች የስፔን ቅኝ ግዛቶች ይታተም የነበረው የስፔን ዶላር ነው። ቆየት ያለው እትሙ በሁለት ዓምዶች መካከል ሁለት የዓለም ክበቦችን የሚያሳይ ነበር፤ ከ1772 ወዲህ ደግሞ የንጉሡ ፊት ተተካበት። አሜሪካ ነፃነቷን ካወጀች በኋላም ሕዝቡ የሚቆጥረው በዚሁ በባዕድ ንጉሥ ብር ነበር። አዲሱ መንግሥት የራሱን ዶላር ሲያስብ መለኪያ ያደረገውም እሱን ነው።

ሚያዝያ 2 ቀን 1792 የወጣው የገንዘብ ሕግ የማተሚያ ቤቱን ፊላደልፊያ ላይ አቋቋመ፤ በእያንዳንዱ ዶላር ውስጥም 24.06 ግራም ያህል ንጹሕ ብር እንዲኖር ደነገገ። መዳቡ ተጨምሮበት ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 27 ግራም ይደርሳል። የማርትሬዛ ጠገራ 28.07 ግራም ስለሚመዝን ከባዱ እሱ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ግን 23.4 ግራም ያህል በመሆኑ ከዶላሩ በጥቂቱ ያንሳል። በሕጉ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ክብደቱ ሳይሆን የመልክ ክርክሩ ነው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያሳለፈው ረቂቅ በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዝዳንት ምስል በሳንቲሙ ላይ እንዲወጣ የሚል ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ተቃወመ። የመልክ ማተም ልማድ የነገሥታት ነው፣ የዛሬውን ፕሬዝዳንት ብናከብረውም ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ላንወድ እንችላለን የሚል መከራከሪያ ቀረበ፤ በመጨረሻም በአንድ በኩል የነፃነት ምልክት የሆነ ሥዕል፣ ‹ነፃነት› የሚለው ቃልና ዓመቱ፣ በወርቅና በብር ሳንቲሞች ጀርባ ደግሞ ንስርና የአገሪቱ ስም እንዲታተም ተወሰነ።

የውሳኔው ክብደት የሚታየው ከእኛ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሳንቲም ያሳተመው የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ፊት በሁለት የስንዴ ዘለላዎች አስከብቦ አወጣ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም በአብዛኛው ያንኑ ተከተሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ፓሪስ ሲያሳትሙ በአንድ በኩል ምስላቸውን፣ በሌላው በኩል ሞዓ አንበሳን አደረጉ። የጎንደር ነገሥታት ግን ይህን ሁሉ ግንብ አንጸው ሳንቲም አላሳተሙም፤ የከተማዋ ገበያ በአሞሌ ጨውና ኋላም በመጣው ጠገራ ይገበያይ ነበር። በዓለም ልማድ እንግዲህ ለብር የሚመሰክረው የገዢ ፊት ነው። አሜሪካውያን ያንን ምስክር አንሥተው በቦታው አንዲት በሕይወት የሌለች፣ ስሟ ሐሳብ የሆነ ሴት አቆሙ። ለዕለት ገበያ በሚውል የብር ሳንቲማቸው ላይ የእውነተኛ ሰው ፊት የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1932 በታተመው የዋሽንግተን ሩብ ዶላር ነው። እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት እውነት አለ፤ ‹ነፃነት› የሚል ቃል በየሳንቲሙ ሲታተም በዚያው አገር ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865 ነው።

ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ወር፣ የማተሚያ ቤቱ ሕንፃ ገና ሳይጠናቀቅ፣ የመጀመሪያዎቹ የብር ሳንቲሞች ጆን ሃርፐር በተባለ መጋዝ ሠሪ ምድር ቤት ውስጥ ታተሙ። ግማሽ ዳይም የሚባሉ፣ አምስት ሳንቲም የሚያወጡ ትንንሽ ብሮች ነበሩ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጄፈርሰን ባቀረበው 75 ዶላር ብር ወደ 1,500 የሚሆኑ እንደታተሙ ይታወቃል። ፕሬዝዳንቱ ጆርጅ ዋሽንግተን በዚያው ዓመት ኅዳር ለምክር ቤቱ ባደረገው ንግግር ይህንን እንደ ትንሽ ጅምር ጠቅሶታል። ከዚያ በኋላ ብር ማተም ለሁለት ዓመት ያህል ቆመ፤ ምክንያቱም ሕጉ ወርቅና ብር የሚይዙ ሹማምንት እያንዳንዳቸው የ10,000 ዶላር ዋስ እንዲያቀርቡ ያዝዝ ስለነበር፣ ያንን የሚችል አልተገኘም። በ1794 የዋሱ መጠን ሲቀነስ ሥራው ተጀመረ።

ጥቅምት 15 ቀን 1794 የመጀመሪያዎቹ 1,758 የብር ዶላሮች ርክክብ ተደረገባቸው። ቅርጹን ያወጣው የማተሚያ ቤቱ ቀራጭ ሮበርት ስኮት ነው። የነፃነት ሴት ወደ ቀኝ ትመለከታለች፤ ፀጉሯ ሳይታሰር ወደ ኋላ ተበትኗል፤ በዙሪያዋ በጊዜው ለነበሩት 15 ግዛቶች 15 ኮከቦች አሉ። በጀርባ በኩል ቀጭን፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር በድንጋይ ላይ ቆሞ በቅጠል አክሊል ተከቧል። በሁለቱም ገጽ ላይ የሳንቲሙ ዋጋ የትም አልተጻፈም፤ ‹መቶ ሳንቲም፣ አንድ ዶላር› የሚል ጽሑፍ የሚገኘው በጠርዙ ላይ ነው። ጠርዝ ላይ የተጻፈ ብር ዳሩ ሲቆረጥ ጽሑፉ ይጎድላል፤ ከማሳቹሴትስ ዛፍ የጀመረው ጥበቃ እዚህም ቀጥሏል ማለት ነው። የማተሚያው መኪና ለእንዲህ ያለ ሰፊ ሳንቲም የሚበቃ ኃይል ስላልነበረው፣ የብዙዎቹ የግራ ዳር ደብዝዞ ኮከቦቹ በደንብ አይታዩም። ጉድለቱ ግን ዋጋውን አልቀነሰውም። ከእነዚህ ሳንቲሞች አንዱ ጥር 2013 በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

የዚያን ዘመን አሠራር በእጄ ይዤ ያየሁት ያህል የገባኝ አራዳ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ነው። በ1795 የታተመ ዶላር ፎቶግራፍ በስልኬ አጉልቼ አሳየኋቸው፤ በሴቲቱ ፀጉርና ጉንጭ ላይ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። «ጋሼ፣ ይህ ምን ይመስልዎታል? ኋላ ሰው የጫረው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «አይ ልጄ፣ ይህማ ሞረድ ነው፤ መጀመሪያ ሞርደውታል፣ ማኅተሙ ከላይ ነው ያረፈበት። አታይም? ጭረቱ ከፊደሉ ሥር ነው የሚያልፈው» አሉኝ። ነገሩ በትክክል እንዲሁ ነው። ማተሚያ ቤቱ እያንዳንዱን ያልታተመ ክብ ብር በሚዛን እየመዘነ፣ ከብዶ የተገኘውን በሞረድ ይቀንሰው ነበር፤ ማኅተሙ ሲመታው የሞረዱ ጭረት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቀልሎ በተገኘው መሐል ላይ ደግሞ ትንሽ የብር ቁራጭ እየሰኩ ክብደቱን የሞሉባቸው የ1795 ዶላሮች ዛሬም አሉ። ሰብሳቢዎች እነዚህን ጭረቶች እንደ ጉድለት ሲቆጥሯቸው አያለሁ፤ እኔ ግን ከሴቲቱ ፊት ይልቅ ለብሩ የሚመሰክሩት እነዚህ ጭረቶች ናቸው እላለሁ።

ብሩ የሚመታበት የብረት ማኅተምም ቢሆን የእጅ ሥራ ነበር። ፊቱ በአንድ መምቻ፣ እያንዳንዱ ኮከብ፣ እያንዳንዱ ፊደልና ቁጥር በየራሱ መምቻ በብረቱ ላይ ይመታል፤ ስለዚህ ኮከብ ተጣሞ፣ ፊደል ተደርቦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ጥሩ ብረት ውድ ስለነበረ ያለፈው ዓመት ማኅተም አይጣልም፤ በአሮጌው ቁጥር ላይ አዲሱ ይመታበታል። በዚህ ላይ ቢጫ ወባ ፊላደልፊያን ሲያጠቃ ማተሚያ ቤቱ በተደጋጋሚ ይዘጋ ነበር።

ፀጉሯ የተበተነው ሴት አልቆየችም። በ1795 መገባደጃ ሌላ መልክ ተተካ፤ ፀጉሯ በጥብጣብ የተያዘ፣ ትከሻዋና ደረቷ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሥዕሉ የታዋቂው ሠዓሊ የጊልበርት ስቱዋርት ነው፣ አርአያ የሆነችውም የፊላደልፊያዋ ወይዘሮ አን ቢንጋም ናት ይባላል። እውነት ከሆነ፣ የሰው ፊት አይታተምም ብሎ የወሰነው አገር ሳያውቀው የአንዲት ባለጸጋ ሴት ፊት አትሞ ነበር ማለት ነው። የጀርባው ንስር መጀመሪያ ትንሽ ሆኖ ቆየ፤ በ1798 ግን በዶላሩ ላይ የአገሪቱን ታላቅ ማኅተም የመሰለ፣ በደረቱ ጋሻ ያነገበ ትልቅ ንስር ወጣ። ስኮት ግን ፍላጾቹን በንስሩ ቀኝ እግር፣ የወይራውን ዝንጣፊ በግራ እግሩ አስያዘው፤ በታላቁ ማኅተም ላይ ያለው የዚህ ተቃራኒ ነው። የቀኝ እጅን ክብር ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰላምን በቀኝ እንዲይዝ የታሰበው ንስር ጦርነትን በቀኙ ያዘ። ስኮት ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው ወይስ በስሕተት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ኮከቦቹም አስቸግረው ነበር። በ1796 ቴነሲ የምትባለው ግዛት አገሪቱን ስትቀላቀል ኮከቡ 16 ሆነ፤ ግዛት በተጨመረ ቁጥር ኮከብ ከተጨመረ ግን ሴቲቱ ቦታ ልታጣ ነው። በዚህ ምክንያት በመሥራቾቹ ግዛቶች ልክ ወደ 13 ተመለሱ። በ1797 የታተመው ግማሽ ዳይም 15፣ 16 እና 13 ኮከብ ያላቸው ሦስት ዓይነቶች ያሉት በዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ መልክ ሲለዋወጥ ዶላሩ ግን ከአገሩ ይወጣ ነበር። ሕጉ ማንኛውም ሰው ብር አምጥቶ ያለ ክፍያ እንዲያሳትም ስለሚፈቅድ፣ ነጋዴዎች አዲሱን ዶላር ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወስደው በጥቂቱ ከሚከብደው የስፔን ዶላር ጋር አንድ ለአንድ ይለውጡታል፤ የስፔኑን አምጥተው ለማተሚያ ቤቱ ይሰጡና ትርፉን ይይዛሉ። ማተሚያ ቤቱ ለሰው ትርፍ ይደክም ነበር እንጂ የአገሩን ገበያ አላጠገበም። በ1804 ዶላር ማተም ቆመ፤ እስከ 1836 ድረስም ለገበያ የሚሆን የብር ዶላር አልታተመም። አንድ ዘመን ሙሉ ዶላር የሚባል ገንዘብ ያለው አገር ዶላር ሳያትም ኖረ። ይህንን የቻለበት ምክንያት የስፔን ዶላር እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ መገበያያ ሆኖ መቆየቱ ነው። እኔ እንደማስበው፣ አሜሪካውያን በመልኩ ላይ እንደ ልባቸው እንዲለዋውጡ ያስቻላቸውም ይኸው ነው፤ ዋናውን የመታመን ሸክም የባዕዱ ብር ስለተሸከመላቸው። ማርትሬዛን የሚያትሙ ሰዎች ግን አንዲት ዕንቁ ቢለውጡ ከቀይ ባሕር ወዲህ ያለ ነጋዴ አይቀበላቸውም ነበር።

ከዚሁ ከቀይ ባሕር ማዶ የሚያገናኘን አንድ ታሪክ አለ። በ1834 የአሜሪካ መንግሥት ልዑክ ኤድመንድ ሮበርትስ ለእስያ ገዢዎች የሚወስደው ስጦታ ሲዘጋጅ፣ የአገሪቱ ሳንቲሞች ሙሉ ስብስብ እንዲካተት ታዘዘ። መዝገቡ በ1804 ዶላር ታትሟል ይል ስለነበር 1804 የሚል ዓመት ያለው ዶላር አዲስ ተሠራ፤ በእውነቱ ግን በዚያ ዓመት የታተሙት የ1803 ቁጥር የያዙ ነበሩ። አንዱ ስብስብ በ1835 ለመስቀጡ ሱልጣን ለሰይድ ቢን ሱልጣን፣ ሌላው ለሲያም (ለዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ደረሰ። ሱልጣኑ ዛንዚባርንም የሚገዛ፣ ገበያው በማርትሬዛ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበርና ከአሜሪካ የመጣለት ብር በእሱ ዓይን ምን እንደመሰለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህ ዓይነት፣ ኋላ የተሠሩትን ጨምሮ፣ በጣም ጥቂቶች ብቻ ይታወቃሉ።

ዶላር በሌለበት ዘመን ትልቁ የብር ሳንቲም ግማሽ ዶላር ነው፤ የመልኩ ባለቤትም በ1807 በዓመት 600 ዶላር የተቀጠረው ጀርመናዊው ጆን ራይክ ነው። ራይክ ሴቲቱን ወደ ግራ አዞራት፤ ራሷ ላይ ለስላሳ ቆብ አደረገላት፤ ንስሩም የወይራውን ዝንጣፊ በቀኝ እግሩ እንዲይዝ አስተካከለ። በጀርባው ላይ ‹50 ሳንቲም› የሚል ምልክት አስገባ፤ ብሩ ዋጋውን በገጹ ላይ መናገር ከጀመረባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ከሁሉም የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። በቀኝ በኩል ባለው በመጨረሻው ኮከብ አንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይታያል፤ ስሙን እንዲጽፍ ያልተፈቀደለት ቀራጭ የተወው ፊርማ ነው ተብሎ ይታመናል። አሥር ዓመት ሠርቶ በ1817 ለቀቀ፤ መልኩ ግን ቆየ። እነዚህ ግማሽ ዶላሮች በከረጢት ሆነው ከባንክ ወደ ባንክ ይዘዋወሩ ስለነበር ከገበያ እጅ ርቀው ብዙዎቹ ሳያረጁ ደርሰውናል።

በ1835 የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ የሆነው ሮበርት ፓተርሰን በእንግሊዝ ሳንቲም ላይ አገሪቱን ወክላ እንደምትታየው ሴት፣ እንደ ብሪታንያ፣ የተቀመጠች ሴት ፈለገ። ሠዓሊው ቶማስ ሰሊ ነደፋት፤ ቲሻን ፒል ንስሩን ሠራ፤ ክርስቲያን ጎብረክት በብረት ላይ ቀረጻት። በ1836 በወጣው ዶላር ላይ ሴቲቱ በዓለት ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ጋሻ፣ በሌላው ቆብ የተሰካበት ዘንግ ይዛ ወደ ኋላዋ ትመለከታለች፤ በጀርባው ንስሩ በ26 ኮከቦች መካከል ይበራል። ጎብረክት ስሙን ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሠረት ላይ በግልጽ ጻፈ፤ በራይክ ስንጥቅና በዚህ ስም መካከል ያለው ርቀት የአንድን ሙያ መከበር ያሳየኛል። የሚበረው ንስር በእኔ እምነት ከሁሉም የበለጠው ሥራ ነው፤ በ1840 ጋሻ ባነገበው የቆመ ንስር መተካቱ ያሳዝናል። የተቀመጠችው ሴት ግን በትንንሾቹ ሳንቲሞች ላይ እስከ 1891 ዘለቀች።

ወደ መነሻው ጥያቄ በጣም የቀረበው መልስ ከእሷ ጋር መጣ። በ1853 የብር ዋጋ ወጥቶ ትንንሾቹ ሳንቲሞች እየቀለጡ ሲጠፉ፣ የግማሽ ዶላሩ ክብደት ከ13.36 ወደ 12.44 ግራም ተቀነሰ፤ ሕዝቡም እንዲለየው ከዓመቱ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ፍላጾች ተጨመሩ። መልኩ ስለ ክብደቱ በግልጽ ተናገረ። በ1873 ለቻይና ንግድ ተብሎ የወጣው ዶላር ደግሞ ከዚህ አልፎ ክብደቱንና ከሺህ 900 እጅ ንጹሕ መሆኑን በጽሑፍ ይዞ ወጣ። የቻይና ነጋዴዎች ግን ጽሑፉን አምነው አልተቀመጡም፤ ራሳቸው መርምረው ካረጋገጡ በኋላ የየራሳቸውን ትንሽ ማኅተም በሴቲቱ ላይ ይመቱባት ነበር።